ላይብረሪያኑን መምህር ማድረግ፦ የሕግ አፈላለግ አስተማሪዎችን ለማሠልጠን ዝርዝር መመሪያ

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ተማሪዎች እርዳታ በሚጠይቁበት የቤተ መጻሕፍቱ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ተአምር ነው። ተማሪው የተምታታ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ሁለት ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሕጉም ፍርዱም ጠረጴዛው ላይ ነው። ይኸው ሰው ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር ተመደበ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። በመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች 31 ጊዜ ክሊክ አደረገ። ቆጥሬያለሁ። ስክሪኑ ላይ ገጽ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል። አጠገቤ የነበረች ተማሪ መጀመሪያ ላይ እየተከተለች ትጽፍ ነበር። ሰባተኛው ክሊክ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በማግስቱ ዴስኩ ጋ መጥታ የጠየቀችው ትናንት «የተማረችውን» ነገር ነው።

ሰውዬው ሥራውን አያውቅም እንዳይባል፣ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ሕግ መፈለግ አንድ ሙያ ነው፤ ሕግ አፈላለግ ማስተማር ሌላ ሙያ ነው። ለመጀመሪያው ሥልጠና ሞልቷል። የዳታቤዝ (ሕጎችና ፍርዶች የሚፈለጉበት የኤሌክትሮኒክ ክምችት) ሻጮች ራሳቸው አሠልጣኝ ይልካሉ፤ የሚያሳዩት ግን የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ነው። ለሁለተኛው የሚሰጠው ሥልጠና ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አንተ እኮ ታውቀዋለህ፣ ግባና አስተምር።»

ይህ መመሪያ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለሚመሩና ባልደረቦቻቸውን ለማስተማር ሥራ እንዲያዘጋጁ ለተመደቡ ሰዎች ነው። ከአራት እስከ ስምንት ሠልጣኝ ላለበት ቡድን፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን ነው። የአንድ ቀን ወርክሾፕም ሞክሬያለሁ። ሰርተፍኬት ያስገኛል፤ ልማድ ግን አይቀይርም።

ደረጃ 1፦ ከማሠልጠንዎ በፊት ይዩ

መጀመሪያ ምንም አያስተምሩ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ እንደለመደው 10 ደቂቃ ያስተምር፤ በስልክ ይቀረጽ። ቪዲዮውን ለጊዜው ከእሱና ከእርስዎ በቀር ማንም አይየው። ብዙ ሰው ራሱን ሲያይ ይደነግጣል። ያ ድንጋጤ በሰው ፊት ከሆነ ግን ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

ጎን ለጎን አንድ ሥራ ይስጧቸው። ለሁለት ሳምንት ዴስክ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ተማሪው በተናገረው ቃል ይመዝግቡ። ሳያሳምሩ። ከዚያ አብራችሁ ለዩት። አብዛኛው ከአራት ክምር ውስጥ ይገባል፦ «የት ነው ያለው?»፣ «ምን ብዬ ልፈልግ?»፣ «ይሄ አሁንም ይሠራል?» እና «መቼ ነው የማቆመው?»። ሠልጣኞቹ ከዚህ በፊት ያስተማሩትን ስላይድ አምጥተው ከክምሮቹ ጋር ያነጻጽሩ። ስላይዱ በሙሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ተማሪው የሚጨነቀው ግን በቀሩት ሦስቱ ነው። ይህን እርስዎ ከሚነግሯቸው ራሳቸው ቢያገኙት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የሚያውቁትን ከውስጣቸው ያውጡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቆዩበት።

አንድ ነገር ለረጅም ዓመት የሠራ ሰው እንዴት እንደሚሠራው ይጠፋዋል። እጁ ያውቃል፤ አፉ አይናገረውም። ስለዚህ ሠልጣኞቹን ሁለት ሁለት ያድርጓቸው። አንዱ ከዚህ በፊት ያላየው ጉዳይ ይሰጠውና ጮክ ብሎ እያሰበ ይፈልግ። ሌላው አጠገቡ ሆኖ ይጻፍ። የሚጽፈው ግን ክሊኩን አይደለም፤ ውሳኔውን ነው። «ይሄን ለምን ከፈትክ? ያንን ለምን ዘለልክ?» እያለ ይጠይቀዋል። «ግልጽ ነው እኮ» የሚል መልስ በመጣ ቁጥር ያስቁሙት። ግልጽ የተባለው ነገር ነው ትምህርቱ።

እኔ የምጠቀምበት ጉዳይ ይኸውላችሁ። አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል ዕቃ ያደርሳል። ሥራውን የሚቀበለው በስልክ መተግበሪያ ነው። ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ኩባንያው «የእኛ ተቀጣሪ አይደለም፣ በግሉ የሚሠራ ነው» አለ። ካሳ ያገኛል ወይ?

ተማሪዎች ይህን ሲሰጣቸው «ሞተር ሳይክል ዴሊቨሪ አደጋ ካሳ» ብለው ይጽፋሉ። የሚመጣላቸው የትራፊክ ደንብና የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ነው። ልምድ ያላት ሠልጣኝ ደግሞ ምንም ሳትል «የሥራ ውል» ብላ ጀመረች። ጓደኛዋ ለምን እንደሆነ ጠየቃት። «ግልጽ ነው እኮ» አለች። አስቆምናት። 20 ደቂቃ ፈጀብን እንጂ በመጨረሻ ከዚያች ሁለት ቃል በፊት አራት ውሳኔ እንደነበር አገኘን።

የመጀመሪያው፣ ጥያቄው ስለ አደጋው ሳይሆን ስለ ግንኙነቱ መሆኑን መለየቷ ነው። ልጁ መውደቁን ማንም አልካደም። ክርክሩ «ሠራተኛ ነው ወይ?» የሚለው ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጉዳይ እንጂ የትራፊክ እንዳልሆነ መወሰኗ። ሦስተኛው፣ ከየትኛው ምንጭ እንደምትነሳ መምረጧ። ለመስኩ እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ የምሁር መጽሐፍ ወይም ማብራሪያ ቢያነብ ይሻለዋል፤ መስኩን የሚያውቅ በቀጥታ ወደ ሕጉ ይሄዳል። አራተኛው የቃላት ጉዳይ ነው። ተማሪው የድርጊቱን ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ሞተር፣ ዴሊቨሪ፣ አፕ። ሕጉ የሚናገረው የራሱን ቋንቋ ነው፤ አሠሪ፣ የሥራ ውል፣ ቁጥጥር፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት። በአብዛኛው ሕጉ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚል ቃል የለም።

ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር ለተማሪ ከባዱ ነገር ነው። ዴስክ ላይ «ምን ብዬ ልፈልግ?» የሚለው ጥያቄ ምንጩ እሱ ነው። ባልደረባዬም በ31 ክሊክ ውስጥ አንዴም ያላሳየው ይህንኑ ነው፤ በስክሪን ላይ አይታይማ።

ደረጃ 3፦ ግቡን በተማሪው ሥራ ይጻፉ

ሠልጣኞቹ የሚያስተምሩትን ክፍለ ጊዜ ግብ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ያድርጉ። ሁለት ቃላት ይከልከሉ፦ «ማወቅ» እና «መረዳት»። «ተማሪው የዳታቤዙን አጠቃቀም ይረዳል» የሚል ግብ መድረሱም አለመድረሱም አይታይም። «ተማሪው ከአንድ የተጻፈ ታሪክ ውስጥ የሕግ ጥያቄውን ነቅሶ አምስት የመፈለጊያ ቃላት ይጽፋል» የሚለው ግን ይታያል፤ ወረቀቱን ሰብስቦ ማየት ነው።

ከባዶ መጀመር ለከበዳቸው መነሻ አለ። የአሜሪካ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2013 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሕግ አፈላለግ ብቃት መርሆችን አጽድቋል። አምስት ናቸው። የሕግ ሥርዓቱንና ምንጮቹን ማወቅ፣ በዘዴ መፈለግ፣ ያገኙትን መመርመር፣ ለተያዘው ጉዳይ ማዋል፣ እና መረጃን በሥነ ምግባር መጠቀም። የራስዎ አገር የሕግ ሥርዓት ሌላ ሊሆን ይችላል። የኮመን ሎው አገር፣ ማለትም የቀደሙ ፍርዶች እንደ ሕግ የሚያስገድዱበት አገር፣ ተማሪ ክብደቱን ፍርዶች ላይ ያደርጋል፤ በተደነገገ ሕግ የሚመራ አገር ተማሪ ከአንቀጹ ይነሳል። አምስቱ መርሆች ግን የትም ያስኬዳሉ። እኔ እንደ ቼክሊስት ነው የምጠቀምባቸው። ሠልጣኙ ያቀዳቸው ትምህርቶች በሙሉ ሁለተኛው መርህ ላይ ከተከመሩ የሆነ ነገር ተዘንግቷል።

በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ግብ ይበቃል። ሁለት ካልኩ ሦስት ይሆንብኛል።

ደረጃ 4፦ ጉዳይ መጻፍ ይማሩ

የጥሩ ክፍለ ጊዜ ግማሹ ጥሩ ጉዳይ ነው። ሠልጣኞቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ጉዳይ ይጻፉ፤ ቡድኑም ይፈትነው። ጥቂት ነገሮች ላይ ጨክኑ። ታሪኩ በተራ ሰው አፍ የተነገረ ይሁን። የሕጉን ቃል ጉዳዩ ውስጥ ከጻፉለት ተማሪው ኮፒ አድርጎ ይለጥፈዋል፤ ሥራውን እርስዎ ሠሩለት ማለት ነው። ውስጡ አንድ ወጥመድ ይኑረው፤ ለምሳሌ የተሻሻለ አንቀጽ፣ ወይም በኋላ የተሻረ ፍርድ። «ይሄ አሁንም ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ተማሪው የሚማረው አንድ ጊዜ ወጥመዱ ውስጥ ሲገባ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1873 የጀመረው ሥራ ይህንኑ ነበር። አንድን ፍርድ የጠቀሱ የኋላ ፍርዶችን ዘርዝሮ በሚለጠፍ ወረቀት አተመ፤ ጠበቆች የፍርድ መጽሐፋቸው ገጽ ላይ ይለጥፉት ነበር። ዛሬ ዳታቤዞቹ በቀይና በቢጫ ምልክት የሚሠሩት የዚያች ወረቀት ልጅ ነው። ለተማሪዎች ይህን ስነግራቸው ምልክቱ ለምን እንዳለ ወዲያው ይገባቸዋል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልበል። ሠልጣኙ ጉዳዩን ራሱ ይሥራና ሰዓት ይያዝ፤ ከዚያ በሦስት ያባዛው። እሱ ሰባት ደቂቃ ከፈጀበት ለተማሪው 20 ያህል ነው። ጉዳይ ደግሞ ይበላሻል። ሕግ ይቀየራል፣ ወጥመዱ ወጥመድ መሆኑ ይቀራል። ከመጠቀማቸው በፊት ባለው ቀን እንደገና ይሥሩት። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ገብቼ ተማሪ ያረመኝ ቀን አለ። ልጁ ልክ ነበር።

ደረጃ 5፦ የክፍሉን ሰዓት ይገልብጡ

የተለመደው አካሄድ 40 ደቂቃ ማሳየት፣ ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» ነው። ጥያቄ ያለው የለም። ሠልጣኞቹ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት ያድርጉ። በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እኔ እንዲህ ነው የማካፍለው።

አምስት ደቂቃ ጉዳዩን ማንበብ። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ኮምፒውተር ተዘግቶ በወረቀት ማቀድ፤ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ምን ዓይነት ሕግ ነው፣ ምን ምን ቃል። ተማሪዎች በዚህች አምስት ደቂቃ ይነጫነጫሉ። ይነጫነጩ። ከዚያ 10 ደቂቃ ለብቻቸው ይሞክሩ። አብዛኞቹ ይጣበቃሉ፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። የተጣበቀ ሰው መልስ ሲመጣለት ያዳምጣል። አሁን መምህሩ ለስምንት ደቂቃ ያሳይ፤ ከዚያ አይለፍ። ከዚያ 15 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው እንደገና ይሥሩ። በቀረችው ሰዓት ሁለት ቡድን ያገኘውን ይናገር፤ መንገዱንም ጭምር።

ስለ ስምንቷ ደቂቃ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ጆን ስዌለር የተባለው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህ ሸክም በትምህርት ላይ ስለሚያደርሰው ጫና በ1988 ጽፏል። አዲስ ሕግ፣ አዲስ ድረ ገጽና አዲስ ዘዴ በአንዴ ሲጫንበት ተማሪው ሦስቱንም ይጥላል።

በማሳየቱ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱን አይደብቁ። ብዙ ሠልጣኞች ቤታቸው ተለማምደው የጠራ ፍለጋ ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ቃል፣ አንድ ውጤት፣ ጭብጨባ። ተማሪው ያንን አይቶ እቤቱ ሲሞክር 4,000 ውጤት ይመጣለትና «እኔ ነኝ ደደቡ» ይላል። ይልቅ መምህሩ የተማሪ ቃል ወስዶ «ሞተር ሳይክል ዴሊቨሪ» ብሎ ይፈልግ፣ ይውደቅ፣ «ለምን ይሄ መጣ?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ ይመለስ።

ደረጃ 6፦ ማስተማር፣ መተቸት፣ እንደገና ማስተማር

ማይክሮ ቲቺንግ የሚባለው ዘዴ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ትንሽ ትምህርት ለትንሽ ቡድን ይሰጣል፣ ይተቻል፣ ያው ትምህርት ተሻሽሎ እንደገና ይሰጣል። ሁሉም የመጀመሪያውን ሁለት ያደርጋል። ሦስተኛው ይቀራል፤ «ጊዜ የለም» ይባላል። ለውጥ የሚመጣው ግን ከሦስተኛው ነው። ጊዜ ካጠረ የመጀመሪያውን ያሳጥሩ፤ ድጋሚውን እንዳይቆርጡ።

ባልደረቦቹ ተማሪ ሆነው ይቀመጡ፤ ግን ጨዋ ተማሪ አይሁኑ። ሚና ያከፋፍሉ። አንዷ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጣብቃለች፤ እጇን ግን አታወጣም። አንዱ በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ስልኩን ይነካካል። ሌላው ጉዳዩን ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ «መልሱን አግኝቻለሁ» ይላል። እነዚህ ሦስቱ በየክፍሉ አሉ።

አስተያየት ሲሰጥ «ጥሩ ነበር»፣ «ድምፅህ ደስ ይላል» የሚለውን ያግዱ። የሚፈቀደው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አንተ ይሄን ስታደርግ እኔ እንደ ተማሪ ይሄን አደረግሁ።» «አጣሪውን ስታሳይ እኔ ገና የመጀመሪያውን ቃል እየጻፍኩ ነበር።» ይህ አይጎዳም፤ ግን ይነክሳል።

አንዲት ሠልጣኝ በጣም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ልጁ ሠራተኛ መሆኑን የሚያሳይ ምን ነገር ትፈልጋላችሁ?» ከዚያ ወዲያው ራሷ መለሰችው። ቪዲዮውን ስናየው በጥያቄውና በመልሱ መካከል አንድ ሰከንድ እንኳ የለም። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ያጠኑት ይህንኑ ነው። መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው የሚታገሡት፤ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ የሚናገሩትም ይበዛሉ። ለሠልጣኟ በድጋሚው ላይ አንድ ሥራ ብቻ ሰጠናት፦ ከጠየቀች በኋላ በልቧ እስከ አምስት ትቁጠር። ቆጠረች። ዝምታው ለእሷ ዓመት መሰላት። አራት ላይ ስትደርስ «ዩኒፎርም ያለብሱታል ወይ?» አለ አንዱ። ሌላው ቀጠለ፤ «ሥራ እምቢ ቢል ይቀጣል ወይ?» የቁጥጥር መመዘኛውን፣ ማለትም ኩባንያው ሰውየውን ምን ያህል ይቆጣጠረዋል የሚለውን፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ደረሱበት።

ደረጃ 7፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አይሽሹት

በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የፌደራል ዳኛ፣ ማታ የሚባል ሰው በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የከሳሹን ጠበቆች 5,000 ዶላር ቀጡ። ጠበቆቹ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ነበር። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2024 ለሕግ ሥራ ተብለው የተሸጡትን መሣሪያዎች ሲፈትኑ፣ በመሣሪያው ዓይነት ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የተሳሳተ ወይም በምንጭ ያልተደገፈ መልስ አግኝተዋል። ቁጥሩ ይቀያየራል፤ መሣሪያዎቹም ይሻሻላሉ። ስለዚህ «አትጠቀሙ» ብሎ መስበክ ጊዜ ማባከን ነው።

ሠልጣኞቹ ይህን መልመጃ ይዘው ክፍል ይግቡ። የሞተረኛውን ጉዳይ ለማሽኑ ይስጡትና የመጣውን መልስ አትመው ያድሉ። ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥቅስ ሦስት ነገር ያረጋግጥ፦ አለ ወይ? የተባለውን ይላል ወይ? ዛሬም ይሠራል ወይ? ሁለተኛው ላይ ነው ብዙ የሚገኘው። ፍርዱ አለ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚለው ግን ሌላ ነው። ሠልጣኙ ራሱ ቀድሞ ይሥራው፤ አለዚያ ክፍል ውስጥ ከተማሪው እኩል ይደነግጣል።

ደረጃ 8፦ «እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም» የሚለውን ፍርሃት ያዳምጡ

አንዳንድ ቦታ የሕግ ላይብረሪያን ሁለት ዲግሪ፣ የሕግና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ፣ ይዞ ይመጣል። ሌላ ቦታ ቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ብቻ ነው ያጠናው። የኋለኛው ክፍል ሲገባ የሚፈራው ከኋላ የሚመጣን አንድ የሕግ ጥያቄ ነው። ፍርሃቱን አይናቁት። ለሚያስተምርበት ጉዳይ ብቻ መሠረታዊ ሕጉን የሚያስረዳው አንድ መምህር ያገናኙት፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ደግሞም አንድ መልስ በአፉ ይለማመድ፦ «መልሱን አላውቀውም፤ እንዴት እንደምናገኘው ግን አብረን እንይ።» ይህን ክፍል ውስጥ በድፍረት የሚል መምህር መልሱን ከሚያውቀው መምህር ይበልጥ ያስተምራል።

ከሕግ መምህራኑ ጋር ያለውን ግንኙነት በአጭሩ ልለፍ። የሴሚስተሩን የመጀመሪያ ሳምንት ቢሰጧችሁ እምቢ በሉ። ተማሪው ጽሑፍ ሲታዘዝ ያለችውን ሳምንት ለምኑ። ያኔ ይሰማል።

ደረጃ 9፦ ከክፍሉ በኋላ

በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተማሪው በቁራጭ ወረቀት አንድ ነገር ይጻፍ፦ «ዛሬ የት ላይ ተጣበቅክ?» የእርካታ ቅጹን ቢሞሉትም ባይሞሉትም ግድ የለም። እሱ የሚለካው መምህሩ መወደዱን ነው። እውነተኛው መለኪያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ተማሪው ለጽሑፉ ሲፈልግ የያዘውን የፍለጋ ማስታወሻ ጠይቃችሁ እዩ። የት ጀመረ፣ ምን ቃል ቀየረ፣ ለምን አቆመ። ማቆሚያውን በተመለከተ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ በተለያየ መንገድ ፈልገህ ተመሳሳይ ሕግና ተመሳሳይ ፍርድ ደጋግሞ ከመጣ፣ በቃ።

የዴስኩንም መዝገብ እንደገና ክፈቱ። አራቱ ክምሮች መጠናቸው ተቀይሯል ወይ? «ምን ብዬ ልፈልግ?» የሚለው ክምር ካልቀነሰ ደረጃ 2ን ድገሙ።

ሠልጣኙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እውነተኛ ክፍሎች ከሌላ ሰው ጋር ያስተምር፤ ሦስተኛውን ለብቻው፣ እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው። ያን ባልደረባዬን በሚቀጥለው ዓመት እንደዚያ ተቀምጬ አየሁት። በመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች አራት ጊዜ ክሊክ አደረገ። ከክፍሉ ስንወጣ «እንዴት ነበርኩ?» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን የጠየቀኝ «ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ለምንድን ነው መጻፍ ያቆመችው?» ብሎ ነው።